አይቢኤስን በጾምም በፍስክም መቆጣጠር፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

«ሆዴ ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ አንድ ሰሞን ያስቀምጠኛል፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ይደርቅብኛል፤ ሰገራም ደምም ተመርምሬ ምንም የለብህም ተባልሁ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። በተለይ ዐቢይ ጾም ሲገባና ረመዳን ሲጀምር ጠያቂው ይበዛል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ወራት የምግቡ ዓይነትም የመብያው ሰዓትም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በቁርጥራጭ ከመመለስ ይልቅ ሙሉውን አሠራር በቅደም ተከተል ማስፈሩ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አይቢኤስ (IBS፣ በእንግሊዝኛ Irritable Bowel Syndrome) ማለት አንጀት በምርመራ ሲታይ ቁስል ወይም ዕጢ ሳይገኝበት፣ አሠራሩ ግን የተዛባበት ሕመም ነው። በአንጀትና በአንጎል መካከል የሚመላለሰው የነርቭ መልእክት ከመጠን በላይ ስለሚነቃ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጥቂት አየር ለእርስዎ ቁርጠት ይሆናል፤ የአንጀት ጡንቻም ሲፈጥን ተቅማጥ፣ ሲዘገይ ድርቀት ያመጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙ የሚጀምረው ከባድ የተቅማጥ በሽታ ይዞት ከዳነ በኋላ ነው። እንግዲህ «ምንም የለብህም» ሲባሉ ቁስል አልታየም ማለት እንጂ ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ ነገር ግን በአንድ መርፌ ወይም በአንድ ሳምንት ኪኒን ተነቅሎ የሚጠፋም ስላልሆነ፣ ሥራው የሚያስነሣብዎትን ነገር ለይቶ ማወቅና መቆጣጠር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ዋናው ነገር በዕለቱ መጻፉ ነው።
- የጾምና የበዓል ቀናት የተመለከቱበት የቀን መቁጠሪያ።
- አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያና አንድ ብርጭቆ፤ መጠን የሚለካው በእነዚህ ነው።
- የተቆላና የተፈጨ ተልባ፣ እንዲሁም አጃ።
- በመጸዳጃ ቤት እግር የሚያርፍበት ትንሽ ዱካ፤ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ የሚጠቀሙ ከሆነ አያስፈልግም።
- የሙቅ ውሃ መያዣ ላስቲክ ወይም በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ፤ ቁርጠት ሲነሣ ሆድ ላይ ይደረጋል።
- ባለፈው ዓመት የወሰዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ከተገኘም ማሸጊያቸው።

ደረጃ 1፦ አደገኛ ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጡ

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ እንኳ ካለብዎት ይህን መመሪያ እዚህ ላይ ያቁሙና ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ እነዚህ የአይቢኤስ ምልክቶች አይደሉምና።

- ሰገራ ላይ ደም መታየት፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ መጥቆር።
- ሳያስቡት ክብደት መቀነስ።
- ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ወይም የማይቆም ትውከት።
- ተቅማጡ ወይም ሕመሙ በሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ።
- የደም ማነስ።
- ሆድ ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት።
- ምልክቱ በሕይወትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ዕድሜዎ 50 ካለፈ በኋላ ከሆነ።
- በቅርብ ቤተሰብ የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ የሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት) ወይም የክሮንስ (አንጀት ለረጅም ጊዜ የሚቆጣበትና የሚቆስልበት) በሽታ ካለ።

የሌሊቱን ምልክት ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚያልፈው። በአይቢኤስ የሚታመም ሰው እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል፤ ነገር ግን ተኝቶ ሳለ ተቅማጥ አጣድፎ አያስነሣውም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ አብረው ሲመጡ ደግሞ በአገራችን የአንጀት ቲቢ መታሰብ አለበት። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ምንም ምልክት ባይኖርም እንኳ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ45 ዓመት ጀምሮ እንደሚመከር ልብ በሉ።

ደረጃ 2፦ ሕመሙ በእርግጥ አይቢኤስ መሆኑን ከሐኪም ጋር ይለዩ

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ እንዲህ ነው፦ ላለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን የሆድ ሕመም መኖር፤ ሕመሙም ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች ቢያንስ ከሁለቱ ጋር መያያዝ፦ ከመጸዳዳት ጋር መባስ ወይም መቅለል፣ የመጸዳዳት ብዛት መለወጥ፣ የሰገራው ቅርጽ መለወጥ። በተጨማሪም ምልክቱ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ሊሞላው ይገባል። ሕመም ሳይኖር መነፋት ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ የደም ቆጠራ፣ የሰገራ ምርመራ፣ ባለበት ቦታ ደግሞ የሴሊያክ የደም ምርመራና ካልፕሮቴክቲን የሚባለውን የሰገራ ምርመራ ያዛል፤ የመጨረሻው በአንጀት ውስጥ ቁስለት መኖር አለመኖሩን ለመለየት ይረዳል። በሰገራ ምርመራ ጃርዲያ ከተገኘ መታከም አለበት፤ መነፋትና ተቅማጥ ስለሚያመጣ ከአይቢኤስ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የሴሊያክ ምርመራ የሚያደርጉ ከሆነ ደሙ እስኪወሰድ ድረስ ዳቦና ሌላ የስንዴ ምግብ መብላትዎን አያቋርጡ፤ ቀድመው ካቋረጡ በሽታው እያለ ምርመራው የለም ሊል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሆድ በተነፋ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ በጣም የተለመደ ነው። መድኃኒቱ በምርመራ ለተረጋገጠ ጥገኛ ተሕዋስ እንጂ ለአይቢኤስ አልተሠራም፤ በተደጋጋሚ ሲወሰድ በአንጀት የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፣ ማቅለሽለሽና የአፍ መምረር ያመጣል፣ እውነተኛውን ምርመራም ያዘገያል። ከወሰዱ በኋላ ጥቂት ቀን ቀለል ቢልዎት እንኳ አይቢኤስ በራሱ ጊዜ የሚነሣና የሚተኛ ሕመም መሆኑን ያስታውሱ።

ደረጃ 3፦ ለ2 ሳምንት ምንም ሳይለውጡ ይመዝግቡ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘልሎ በቀጥታ ምግብ ማቋረጥ ይጀምራል። ሆኖም መነሻው ሳይታወቅ መሻሻሉ አይለካም፤ ስለዚህ ለ14 ቀን እንደ ወትሮዎ እየበሉ የሚከተሉትን በየዕለቱ ይጻፉ።

1. የበሉትና የጠጡት፣ ከነሰዓቱ። «ሽሮ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «ሽሮ በነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ቀን 7 ሰዓት» ይበሉ። እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ይሁን ቅይጥ እሱንም ይጻፉ።
2. የሕመሙ መጠን ከ0 እስከ 10፣ የጀመረበትና የቆመበት ሰዓት።
3. የሰገራው ዓይነት። በመላው ዓለም የሚሠራበት የብሪስቶል መለኪያ 7 ዓይነት አለው፦ 1 እንደ ፍየል በጠጥ የተነጣጠለና ደረቅ፣ 2 የተያያዘ ግን የተቋጠረ፣ 3 ላዩ የተሰነጣጠቀ፣ 4 ልስላሴ ያለውና ወጥ፣ 5 ለስላሳ ቁርጥራጭ፣ 6 የላላና ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ 7 ውሃ ብቻ። ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ይበቃል።
4. የእንቅልፍ ሰዓት፣ በዕለቱ የገጠመ ጭንቀት፣ ለሴቶች የወር አበባ ቀን። በወር አበባ ሰሞን ምልክቱ የሚብስባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ ካልተመዘገበ ጥፋቱ በምግብ ይሳበባል።
5. የወሰዱት ማንኛውም መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር።

በ2 ሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሮቹን ይዩ። በአብዛኛው 1 እና 2 ከሆነ የእርስዎ ዓይነት ድርቀት የሚያይልበት ነው፤ 6 እና 7 ከሆነ ተቅማጥ የሚያይልበት፤ ሁለቱም ከተፈራረቁ ደግሞ ድብልቅ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንዱ የሚረዳው ነገር ሌላውን ስለሚያባብስ ነው።

ደረጃ 4፦ ከምግቡ ዓይነት በፊት የአበላልን ሥርዓት ያስተካክሉ

ባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ትልቁ አንጀት በኃይል ይኮማተራል። ይህ በጤነኛ ሰው ላይም የሚሆን ነው፤ በአይቢኤስ ሕመምተኛ ላይ ግን ቁርጠትና መጣደፍ ያስከትላል። በፍስክ ቀን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምግብን በተመሳሳይ ሰዓት፣ በመጠኑ፣ አላምጦ መብላት፣ ቁርስንም አለመዝለል ነው።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ማዕዱን ለሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀጥሎም ትንሽ ነገር ለምሳሌ ግማሽ ሳህን የአጃ ገንፎ ወይም የተቀቀለ ድንች ይውሰዱ፤ ዋናውን ምግብ ከ1 ሰዓት ያህል በኋላ ይብሉ። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ከሁለትና ሦስት በላይ ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ ሾርባና ጭማቂ ተደራርበው በአንድ ጊዜ ሲገቡ የምሽቱ መነፋት የማይቀር ነው። ሱሁርን ሳይበሉ ማለፍ ደግሞ በማግሥቱ ኢፍጣር ላይ አብዝቶ ወደ መብላት ይመራል።

የፋሲካ ሰሞን ለብቻው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ቅባቱ የበዛ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጥብስ በአንድ ቀን ሲገቡ፣ ቅባት የአንጀትን መኮማተር ስለሚያጠነክር ምልክቱ ይቀሰቀሳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት አንድ ዓይነት የፍስክ ምግብ በትንሹ እየወሰዱ መላመድ ይሻላል።

ሕመሙ ጾሙን ፈጽሞ የሚከለክልዎት ከሆነ ከሐኪምዎ ጋርም፣ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሃይማኖት መምህርዎ ጋርም ይነጋገሩ። በክርስትናም በእስልምናም ለታመመ ሰው ማቅለያ አለ።

ደረጃ 5፦ ወጡን ይመርምሩ

የእኛ ማዕድ ችግር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚህ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ይስጡ። ሰዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት በርበሬን ነው። በርበሬ የሚያቃጥለው ነገር በአንጀት ውስጥ ያሉትን የሕመም ነርቮች ስለሚያነቃ ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ ግን በርበሬውን ትተው አልጫ መብላት ጀምረው ያልተሻላቸው ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም አልጫውም በሽንኩርት የተሠራ ነው።

ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴና ገብስ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አላቸው፤ ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ስኳር አላቸው። የሰው አንጀት እነዚህን የሚሰባብር ኢንዛይም ስለሌለው ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሏቸው አየር ይፈጠራል። ጤነኛ አንጀት ይህን ይችለዋል፣ የተቆጣ አንጀት ግን ሕመም አድርጎ ይቆጥረዋል። ፎድማፕ በሚል ስም የሚታወቀው፣ በአውስትራሊያ በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የአመጋገብ ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ዘዴው ለእኛ ምግብ በሚስማማ መልኩ እንደሚከተለው ይሠራል። ለ4 ሳምንት ብቻ ይሞክሩት፤ ከ6 ሳምንት በላይ አያስረዝሙት።

1. ሽንኩርት። ሽንኩርቱን ከወጡ ውስጥ እየለቀሙ መተው አይጠቅምም፤ ፍሩክታን በውሃ ስለሚሟሟ ወጡ ሲንተከተክ ወደ መረቁ ወጥቷል። በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ዘይቱን በለስላሳ እሳት ያሙቁ፣ ሁለት ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ሳይከትፉ ጣል ያድርጉበት፣ ወርቃማ መልክ ሲይዝ አንዱም ሳይቀር ያውጡት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቲማቲሙንና ውሃውን ይጨምሩ። ውሃ ጠብ ካለ በኋላ ማውጣት ትርጉም የለውም። ለቀይ ሽንኩርት ምትክ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠል ይክተፉ፤ ነጩን ግንድ ይተዉት። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጣዕሙን ይሞላሉ። ማስጠንቀቂያ፦ የነጭ ሽንኩርት ዘይት አዘጋጅተው በጠርሙስ ከማቀዝቀዣ ውጭ አያስቀምጡ፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል በዕለቱ የሚበቃዎትን ብቻ ይሥሩ።

2. በርበሬ። በቤት የሚዘጋጀው ድልህና በርበሬ ብዙውን ጊዜ ከሽንኩርት ጋር ተወቅጦ የደረቀ መሆኑን አይርሱ። ለ4 ሳምንቱ በአልጫ ይቆዩ፤ ካስፈለገ ጥቂት ንጹሕ የበርበሬ ዱቄት ይጠቀሙ።

3. ጥራጥሬ። በጾም ወራት ጥራጥሬን ፈጽሞ መተው ፕሮቲን ያሳጣል፤ ስለዚህ መጠኑንና አሠራሩን ይለውጡ። ምስሩን ወይም ክኩን ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ ጠዋት ውሃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅለው ያንንም ውሃ ይድፉና ወጡን በሌላ ውሃ ይሥሩ፤ የሚነፋው ስኳር ብዙ ክፍሉ ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል። መጠኑንም በአንድ ማዕድ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይገድቡ። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ውሃው ሊደፋ አይችልም፤ ስለዚህ ለ4 ሳምንቱ ሽሮን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይቀንሱ። በምትኩ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ሩዝ፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላል፣ ዓሣና ቀይ ሥጋ ያለ ሽንኩርት ይጠቀሙ።

4. እንጀራ። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ መጀመሪያ የሚጠረጠርም አይደለም። ጥያቄው እንጀራው በእርግጥ ጤፍ ነው ወይ የሚለው ነው። በውጭ አገር የሚሸጥ እንጀራ ብዙውን ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ስለሆነ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ በአገር ቤትም ከገበያ የሚገዙትን ቅይጥ መሆኑን ጋጋሪዋን ይጠይቁ። ዳቦ፣ የገብስ በሶ፣ የስንዴ ቅንጬና ቆሎ በእነዚህ ሳምንታት ይቅሩ።

5. ወተት። በአዋቂነት ዕድሜ የወተትን ስኳር መፍጨት የማይችል ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ወተትና ማኪያቶ ያቁሙ። አይብ ውሃው ስለተጣራ፣ ንጥር ቅቤም ስኳሩ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አያስቸግሩም፤ እርጎ ከወተት የተሻለ ቢሆንም በትንሹ ይሞክሩት። የወተት ማቆም ብቻውን ሕመሙን ካጠፋው ችግርዎ አይቢኤስ ሳይሆን ወተት አለመስማማት ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

6. ፍራፍሬና ጣፋጭ። ማንጎ፣ ፖም፣ ሐብሐብ፣ ማርና ብርዝ ይቀንሱ። ብርቱካን፣ ፓፓያና ብዙ ያልበሰለ ሙዝ የተሻሉ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ብቻ ይብሉ። ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ ያለው ሶርቢቶል የሚባል ማጣፈጫ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ የስኳር ሕመምተኞችና ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ይህን ደረጃ ያለ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ አይጀምሩ።

ደረጃ 6፦ የሚጠጣውን ያስተካክሉ

ቡና የትልቁን አንጀት እንቅስቃሴ ያፋጥናል፤ ተቅማጥ የሚያይልብዎት ከሆነ በባዶ ሆድ አይጠጡ፣ ቡናና ሻይ ተደምረው በቀን ከ3 ስኒ አይብለጡ። ለስላሳ መጠጥና ቢራ አየርና ስኳር ይዘው ስለሚገቡ ይቀነሱ። ጫት ሰገራን ያደርቃል፣ ረኃብንም ስለሚያጠፋ የመብያ ሰዓትን ያዛባል። ድርቀት ላለበት ሰው በቀን እስከ 8 ብርጭቆ ፈሳሽ ተገቢ ነው፤ በጾም ቀን ይህን ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ያከፋፍሉት።

ደረጃ 7፦ ድርቀት ካለብዎት ተልባን በሥርዓቱ ይውሰዱ

ተልባ በውሃ ሲነከር የሚዝለገለግ አሰር (ፋይበር) ስላለው ሰገራውን ያለሰልሳል፤ አየር የመፍጠሩም ነገር ከስንዴ ፍሩሽካ ያነሰ ነው። ፍሩሽካ ግን መነፋቱን የማባባስ ጠባይ ስላለው አልመክረውም። በቀን 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ያድርሱት፣ ከዚያ አያሳልፉት። ያለ በቂ ውሃ የተወሰደ ተልባ ድርቀቱን ያባብሰዋል። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አሰሩ መድኃኒቱን እንዳይዝብዎ በመካከላቸው 2 ሰዓት ይተዉ። ውጤቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የመጸዳጃ ልማድ ያበጁ

ከምግብ በኋላ፣ በተለይም ከዕለቱ የመጀመሪያ ማዕድ በኋላ፣ አንጀት በራሱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በየቀኑ ይቀመጡ፤ በዐቢይ ጾም ከመጀመሪያው ማዕድ፣ በረመዳን ከሱሁር በኋላ ያድርጉት። ጉልበትዎ ከወገብዎ ከፍ እንዲል ዱካውን ከእግርዎ ሥር ያድርጉ፤ ይህ የፊንጢጣውን መታጠፊያ ስለሚያቀና ማማጥ ይቀራል። ካልመጣ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ሰገራዎ ሲመጣ ግን አይያዙት፤ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ መያዝ የለመዱ ሰዎች በጊዜ ብዛት የመምጣቱን ስሜት እስከማጣት ይደርሳሉ።

ደረጃ 9፦ ነርቩን ያረጋጉ

ሕመሙ ያለው በአንጀትና በአንጎል መካከል ከሆነ ሁለቱንም ወገን ማከም ያስፈልጋል። በቀን 30 ደቂቃ ያህል በእግር ይራመዱ፤ እንቅስቃሴ አየሩንም ድርቀቱንም ይቀንሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ደቂቃ በሆድ ይተንፍሱ፦ በጀርባዎ ተኝተው አንድ እጅዎን እምብርትዎ ላይ ያድርጉ፣ እጅዎ ከፍ እስኪል ድረስ በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ያስገቡ፣ ለ6 ሰከንድ በቀስታ ያስወጡ። ደረትዎ ከተነሣና እጅዎ ካልተንቀሳቀሰ አተነፋፈሱ ትክክል አይደለም። ቁርጠት ሲነሣም ይህንኑ ከሙቅ ውሃው ጋር ያድርጉት። ጭንቀት ወይም ድባቴ አብሮ ካለ የሥነ ልቦና ምክር ለሕመሙ ራሱ እንደሚረዳ በጥናት የታየ ስለሆነ፣ ሐኪም ወደዚያ ሲልክዎት «እብድ ነሽ ተባልሁ» ብለው አይውሰዱት።

ደረጃ 10፦ መድኃኒት ካስፈለገ በዓይነቱ ይምረጡ

ለቁርጠት የአንጀት ጡንቻን የሚያላሉ ሜቤቨሪን ወይም ቡስኮፓን ይሰጣሉ፤ ሜቤቨሪን ከምግብ 20 ደቂቃ በፊት ሲወሰድ ይሻላል። ቡስኮፓን ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የመያዝ ችግር ላለበት ሰው አይሆንም። ናና ሻይ ለአንዳንዱ ሰው ያረጋጋል፤ ቃር ላለበት ግን ቃሩን ያባብሳል። ለተቅማጥ ሎፐራማይድ ከመንገድ ወይም ከስብሰባ በፊት ይረዳል፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለ ግን ፈጽሞ አይውሰዱት፣ ከታዘዘው መጠንም አይለፉ። ለድርቀት ማክሮጎል የሚባለው ዱቄት ይሻላል፤ ላክቱሎዝ ግን በአንጀት ውስጥ ስለሚብላላ መነፋትን ይጨምራል።

እነዚህ ካልበቁ ሐኪም በአነስተኛ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ማታ 10 ሚሊግራም፣ አሚትሪፕቲሊን ሊያዝ ይችላል። ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን ያዩ ሰዎች ደንግጠው ይተዉታል፤ በዚህ መጠን የሚሰጠው ግን የአንጀት ነርቭን ለማደንዘዝ ነው። ድርቀት ሊያመጣ ስለሚችል ደረቅ ዓይነት ላለባቸው ሐኪሙ ያስብበታል። በራስዎ አይጀምሩት፣ በራስዎም በድንገት አያቁሙት።

ደረጃ 11፦ የተዉትን ምግብ አንድ በአንድ ይመልሱ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው። ሰው ቀለል ሲለው ያቆመውን ሁሉ ለዘለዓለም ያቆማል፤ ውጤቱም የምግብ እጥረትና ከሰው ማዕድ መራቅ ነው። ሁሉም ምግብ አይጎዳዎትም፤ የሚጎዳዎት ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የትኞቹ እንደሆኑ የሚታወቀውም በመመለስ ነው።

አንድ ምግብ ይምረጡ፣ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ይተዉት። ለምሳሌ ሽሮ፦ በመጀመሪያው ቀን 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው የወትሮው ሙሉ መጠን፤ ሽሮው ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ይሁን፤ ያለዚያ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየፈተኑ ነው። ከዚያ 3 ቀን አርፈው ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ወተት፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ማር፣ ማንጎ። በ2 ማንኪያ ደኅና ሆነው በሙሉ መጠኑ ከታመሙ ምግቡ የተከለከለ አይደለም፤ ወሰንዎን አግኝተዋል፣ ደብተርዎ ላይ ይጻፉት።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ተልባ፣ አዲስ መድኃኒትና የምግብ ለውጥ በአንድ ሳምንት መጀመር። ቢሻልዎት በየትኛው እንደተሻለዎት፣ ቢብስዎት በየትኛው እንደባሰዎት አያውቁም።
- ለሆድ ቁርጠት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ። ጨጓራን ያቆስላል፣ ቁርጠቱንም አያረጋጋም።
- «ሆድ ለማጽዳት» ኮሶ መጠጣት። ኮሶ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፣ በመጠን ስሕተትም ይመርዛል፤ የኮሶ ትል ያለበት ሰው ዛሬ በጤና ተቋም የሚሰጥ አስተማማኝ ኪኒን አለለት።
- የሚያስቀምጥ ኪኒን ያለ ሐኪም ክትትል በየቀኑ መውሰድ።
- ምርመራን ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላ ክሊኒክ እየዞሩ መደጋገም። አደገኛ ምልክት ከሌለና የመጀመሪያው ምርመራ በአግባቡ ከተሠራ፣ ገንዘቡንም ጊዜውንም ለደረጃ 3 እና 5 ማዋሉ ይበልጣል።

ደረጃ 12፦ ከ3 ወር በኋላ ወደ ሐኪም ይመለሱ

ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናትና የመጨረሻዎቹን 14 ቀናት ጎን ለጎን ያሳዩ፤ የሕመሙ ቁጥር ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው፤ የሰገራው ዓይነት ከየት ወዴት ሄደ፤ የትኛው ምግብ በየትኛው መጠን እንዳስነሣብዎት ይንገሩ። ምንም ለውጥ ካላዩ እሱንም እንዳለ ይናገሩ፤ ሐኪሙ ምርመራውን እንደገና እንዲያይ ወይም መድኃኒቱን እንዲለውጥ የሚያደርገው ይኸው ነው። በመካከሉ በደረጃ 1 ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ከታየ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ይሂዱ፤ ደሙ ብዙ ከሆነ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።